ማዶን እያየ የተገነባው ግድግዳ

“አባባ፣ ይሄ ገመድ ለምንድን ነው ከግድግዳው የሚሸሸው?”

ጋሽ ቱንቢ የመጨረሻውን ብሎኬት በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳው አናት ላይ ሊያሳርፍ ሲል ነበር ምራቱ ከታች ሆና ይህን የጠየቀችው። ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይሄ መሆኑን ገና አላወቀም። ብሎኬቱን አሳረፈ። በግንበኛ ማንኪያው እጀታ ኳ ኳ አደረገው። ከዳር ዳር የተረፈውን ሲሚንቶ ጠረገ። ጎንበስ ብሎ ያያት ከዚያ በኋላ ነው።

“የቱ ገመድ?”

“የባልዲው። ላይ ላይ ግድግዳውን ነክቷል፤ ታች ግን ይኸው፣ እጄ በመሃል ያልፋል።” ነፍሰ ጡር ናትና አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሌላውን በገመዱና በግድግዳው መካከል አስገብታ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው።

“ነፋስ ነው፣ ልጄ።”

ነፋስ አልነበረም። ግቢው ጥግ የተሰጣው አንሶላ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ምራቱ አንሶላውን አየች፤ ጋሽ ቱንቢ አንሶላውን ሲያይም አየችው።  እጇን አውጥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ አባቷ ቤት ገባች።

ስለ ሰውየው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ብቻ፣ ሙሉው ይነገር ቢባል የአገር ወረቀት አይበቃም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ሲፈርም ብቻ ነው። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳን መቅናት የሚለኩበት፣ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ብረት ነው። ጋሽ ቱንቢ ግን በሕይወቱ ቱንቢ ኖሮት አያውቅም። “ቱንቢ ዓይን ለሌለው ነው” ይላል። ውሃ ልክ የሚባለውን፣ ያንን መስታወት ውስጥ አረፋ የታሰረበትን ዕቃም፣ “አረፋ እያየሁ የምገነባው ምን ሆኜ? ልብስ ላጥብ ነው?” ብሎ ይንቀዋል። አንገቱን ሰበር አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጊዜ ካየ አበቃ። በተወለደበት ሰፈር እሱ ያላቆመው ግድግዳ፣ እሱ ያልሰቀለው በር የለም። ከሩቅ አገር የመጡ መሐንዲሶች ሥራውን አይተው ትምህርታቸውን ረግመው እንደተመለሱ ይወራል። የሚያወራው እሱ ራሱ ነው።

ሰፈሩ ከወንዙ ማዶ ነው። አፈሩ ልል ስለሆነ ቤቶቹ ከአያት ቅድመ አያት ዘመን ጀምሮ ወንዙ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ዘመዋል። የመጀመሪያው ቤት ትከሻውን በሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ላይ እየጣለ ረድፉ በሙሉ አንድ ላይ ተኝቶ፣ የመጨረሻው ቤት ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመድ አዝማድ ተሸክሞ ተራራ የሚያህል አለት ተደግፏል። አንድም ቤት ወድቆ አያውቅም። ሁሉም አንድ ላይ ስለዘመመ መዝመሙን ያየ ሰውም የለም። እዚያ ሰፈር የተወለደ ሰው በገበያ ሕዝብ መሃል እንኳ ከትከሻው ይለያል፤ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ሲመጣ “ይሄ ከዘመሙት ነው” ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እነሱ ይህን ሰምተው አያውቁም።

እንግዲህ የጋሽ ቱንቢ ልጅ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሚስት አገባ። የሚስቱ አባት ለወጣቶቹ ጎጆ መውጫ ግቢው ውስጥ ያለ አሮጌ መጋዘን ሰጣቸው። ሦስቱ ግድግዳዎች ደህና ነበሩ፤ አራተኛው ግን ፈርሷል። ጋሽ ቱንቢ ይህን ሲሰማ ደረቱን መታ። “የልጅ ልጄ የሚተኛበትን ግድግዳ ከእኔ ሌላ ሰው ቢነካው እጁ ይቆረጥ!” አለ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ድልድዩን እየተሻገረ ሲገነባ ከረመ።

የሚገነባው ደግሞ እንዲህ ነው። ከአማቹ ግቢ ሆኖ ሲያዩት የገዛ ሰፈሩ ወንዙ ማዶ ተደርድሮ ይታያል። አንድ ረድፍ ብሎኬት በጨረሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይርቃል፤ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የአዲሱን ግድግዳ ጠርዝ ማዶ ካለው ከራሱ ቤት ማዕዘን ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱለት “ሸጋ!” ይላል። የአሮጌዎቹ ግድግዳዎች ጫፍ ከእሱ ሥራ ጋር አልገጥም ሲለው ጫፋቸውን በመዶሻ እየጠረበ አስገባቸው። “የእነዚህ ግንበኛ ሰካራም ነበር” አለ። “ሦስቱንም አጣሞ፣ ነፍሱን ይማር።”

ስለ ገመዱ ብዙ ሳያስብ ከመወጣጫው ወረደ። ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ሠሪዎቹ ይመጣሉ። በዚያ ላይ የሰፈሩ ሰዎች የጣሪያውን ወራጅ እንጨት በማቀበል ሊያግዙት ድልድዩን ሲሻገሩ ድምፃቸው ተሰማ። ፊት ፊት የሚመጣው ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። እሱም ጋሽ ቱንቢ ለልጅ ልጁ የሠራውን የሕፃን አልጋ እንደ ዘውድ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶታል። አልጋው እውነትም ንጉሥ ቢወለድበት የሚያኮራ ነው፤ ከጠንካራ እንጨት፣ ያለ አንድ ሚስማር፣ በሰፈሩ በራሱ ቤት ውስጥ የተሠራ።

“መንገድ ልቀቁ፣ የወራሹ አልጋ ነው!” እያለ ገብቶ ጣሪያ አልባው ክፍል ውስጥ አስቀመጠው።

አልጋው በአንድ ጎኑ ዘንበል አለ።

ሁሉም አዩት። ፀጉር አስተካካዩ አነሳና ሌላ ቦታ አስቀመጠው፤ ያው ነው። አዙሮ አስቀመጠው፤ አሁን ወደ ሌላ ጎን ዘንበል አለ።

“ይሄን ወለል ማን ነው የሠራው?” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “እንዲህ ያለውን አልጋ ጠማማ አስመሰለው እኮ!”

“ወለሉ ደህና ነው” አለች ምራቲቱ በሩ ላይ ሆና። “ውሃ ቢደፋበት የትም አይሄድም።”

“ይኸው! ውሃ የማይሄድበት ወለል ጤነኛ ነው? እኛ ጋ እኮ እህቴ፣ አንድ ጣሳ ብትደፊ ውሃው ራሱ መንገዱን ያውቃል።”

የሰፈሩ ሰዎች ሳቁ። ምራቲቱ ግን አልሳቀችም፤ እንደገና ወደ ገመዱ ሄደች። “እናንተስ እስቲ እዩልኝ። ይሄ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው?”

ሰዎቹ በአንድነት ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ በአንድነትም አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ሰበር አደረጉ።

“እንደ ሻማ!” አሉ።

ይህን ጊዜ አማቹ ከቤቱ ወጣ። በትልቅ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሲቀበል ዕድሜውን የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ዛሬም አበባ የሚያጠጣው ከረባት አስሮ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው “እንኳን ደህና መጡ” ካለ በኋላ እንደገና “እንኳን በደህና መጡ” ይላል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ “አይሆንም” የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ እንደማያውቅ የሚያውቁት ይመሰክሩለታል።

“አባዬ፣ በል ንገራቸው” አለችው ልጁ።

“ምኑን ልጄ?” አለና ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

ጋሽ ቱንቢ ከአማቹ ዓይን ውስጥ የሆነ ነገር ሲሸሽ አየ። “አማቼ፣ እርስዎ ስለ ግድግዳው ምን ይላሉ?”

“እኔ? ምን እላለሁ? ሁሉም እንደየአገሩ ነው። ፍራሹን አልጋው ሥር አስነጥፎ የሚተኛ እንግዳ ነበረኝ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሚኒስትር አይደለም እንጂ ሚኒስትር የሚያህል። ‘ትራስዎ አንድ ይሁን ሁለት?’ ብቻ ነው ያልኩት። የሰው ልማድ አይተችም። በእናንተ ዘንድ ቀጥ ከተባለ እኛም በአክብሮት ቀጥ እንለዋለን።”

“በአክብሮት?”

“በታላቅ አክብሮት።”

“በእናንተ ዘንድስ?”

አማቹ ወደ አበቦቹ ተመለከተ። አበቦቹ አላገዙትም። “በእኛ ዘንድ… እንግዲህ… ትንሽ ዘንበል ይላል።”

“ወዴት?”

“ወደ ውስጥ። አልጋቸው ወዳለበት።”

“ይህን መቼ ነው ያዩት?”

“ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ” አለ አማቹ፣ እንግዳ ሲሸኝ በነበረበት ለስላሳ ድምፅ።

ጋሽ ቱንቢ በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል። ሌባ ተብሏል፣ ጉረኛ ተብሏል፣ አንዴም በሴት አያቱ ፊት ጉረኛ ሌባ ተብሏል። ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ይሄ ግን ጉሮሮው ላይ ቆመ። ይህ ሰው በየቀኑ ሻይ እያቀረበለት፣ “እጅዎ ይባረክ” እያለው፣ ግድግዳው በገዛ ልጁ ላይ ሲያጎነብስ እያየ፣ በይሉኝታ ዝም ብሏል!

“እኔ ልንገራቸው ስለው ‘ነውር ነው’ አለኝ” አለች ምራቲቱ። “‘የእነሱ ባህል እንዲህ ይሆናል’ አለኝ።”

“ልክ ነዋ!” አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ደስ አለው፣ መከራከሪያ አገኘ። “ቀጥ ማለት ምንድን ነው? በእኛ ሰፈር እኔ የቆረጥኩት ፀጉር ሙሽራ ያስመስላል። ሰውየው ድልድዩን ሲሻገር ‘ማን ነው የነከሰህ?’ ይሉታል። ታዲያ የጠመመው ፀጉሩ ነው ወይስ ድልድዩ? ገመዱንስ ማን ዳኛ አደረገው? የእናንተ ገመድ ለእናንተ፣ የእኛ ዓይን ለእኛ!”

ሁሉም ከሥራ መጥቶ በሩ ላይ ወደቆመው ወደ አውቶቡስ ሾፌሩ ዞሩ፤ በሁለቱም ሰፈር እግር ያለው እሱ ብቻ ነውና። እሱም ጀርባውን አከከ። “ለእኔ ቀጥ ነው የሚመስለኝ” አለ። “ግን… አለቃዬም ‘መሪውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ትይዛለህ’ ይለኛል።”

“አለቃህ ምቀኛ ነው!” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “አሁን ጣሪያው ይመታ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይደርና ይታያል።”

“ይደርና?” አለች ምራቲቱ። ድምጿ ከፍ አላለም። “እኛ እኮ ነን እዚህ ሥር የምናድረው። ባህላችሁን ጠልቼ አይደለም፤ ብጠላማ ልጃችሁን አላገባም ነበር። ግን ብሎኬት ሲወድቅ ‘የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?’ ብሎ አይጠይቅም።”

 ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ የጋሽ ቱንቢ አፍ ደግሞ ስንትና ስንት ዳገት ሳያርፍ የወጣ አፍ ነው። አሁን ግን ቆመ። ባልዲውን ከገመዱ ፈታ፤ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቀለለ፤ ከአበቦቹ ዳር እንቁላል የሚያህል ድንጋይ አንስቶ ኪሱ ከተተና ከግቢው ወጣ።

“አማቼ፣ በምን አስቀየምንዎ?” ይላል አማቹ ከኋላው።

ዞረና፣ “ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር” አለው።

ድልድዩን ሲሻገር ሰፈሩን እንደ ልማዱ በኩራት አየው። ቤቶቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ቀጥ ብለዋል፤ በእናቱ ስም፣ ቀጥ ብለዋል! ከዚህ በላይ ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር የት ነው ያለው?

ሚስቱ መስኮቱ ሥር በስፌት መኪናዋ የሕፃን አንሶላ እየሰፋች ነበር። ምንም ሳይላት ወንበር ላይ ወጣ፤ ድንጋዩን ገመዱ ጫፍ ላይ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት በኩል ከእንጨቱ ላይ አሰረውና ለቀቀው። ድንጋዩ ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ሲበቃው ቆመ። ገመዱ ታች ሲደርስ ከግድግዳው ስንዝር ሙሉ ርቋል።

ጋሽ ቱንቢ ፈቶ ሌላ ድንጋይ አሰረ።

ያው ስንዝር።

ሦስተኛ ድንጋይ ሊፈልግ ወደ ደጅ ሲል ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። “ድንጋይ ብትቀያይር ምድር ያው ናት፣ አንተ ሰውዬ። ምን ሆነሃል?”

“ይሄ ቤት ዘሟል።”

“አዎ።”

“‘አዎ’ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ዘሟል ማለት ነዋ። እኔ እኮ ከማዶ ነው የመጣሁት፤ ረሳኸው? ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት ወለሉ እንደ ጀልባ ወሰደኝ። ጧት ሲያስመልሰኝ እናትህ ‘ምራቴ ባንድ ሌሊት ፀነሰች’ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ተቃና።”

“ወለሉ?”

“አንገቴ።”

ጋሽ ቱንቢ ከወንበሩ ወርዶ ተቀመጠበት። ዓይኑ የስፌት መኪናዋ እግር ሥር ወደገባችው እንጨት ሄደ። ሽብልቅ ናት። ያልጋቸውም እግር ሥር አንድ አለች፤ የቁምሳጥኑም ሥር፤ የጠረጴዛውም ሥር። ሲያያቸው ነው የኖረው፤ ልብ ብሏቸው ግን አያውቅም። ቤት እንዲህ ነው፣ ዕቃ እግሩ ሥር እንጨት ይኖረዋል ብሎ ነበር የሚያስበው።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ብዬ? ‘ዓይንህ ጠማማ ነው’ ብዬ?” መኪናዋን አቆመች። “ደሞስ እዚህ ጠማማ አይደለም። እዚህ ሰፈር መሃል እንደ ማዶዎቹ ቀጥ ያለ ግድግዳ ብታቆም ከጎረቤት ይጋጭ ነበር፣ በሩም አይዘጋ። ያቆምከው ሁሉ የቆመው ከሰፈሩ ጋር አብሮ ስለዘመመ ነው። አንዱ ባንዱ ተደግፎ፣ ሁሉም አለቱን ተደግፎ። ጥበብህን አልናቅሁም።” ከዚያ አንሶላውን ዘርግታ አየችው፤ መሐረብ ያህላል። “ያ የማዶው ግድግዳ ግን ማንን ይደገፋል?”

 ጋሽ ቱንቢ ግድግዳውን አሰበው፤ በአማቹ ግቢ ውስጥ ብቻውን፣ ጎረቤት የለው፣ አለት የለው፣ ማዶ ማዶውን እያየ ጎንበስ ብሎ። ከሥሩ ይህን መሐረብ የሚያህል አንሶላ አሰበ።

“ስለዚህ ሁለት እውነት አለ ነው የምትዪኝ?” አለ በመጨረሻ።

“እኔ የምልህ ሁለት ሰፈር አለ ነው። ድንጋዩማ እዚያም እዚህም ወደ ታች ነው የሚወድቀው።”

“ካፈረስኩት ስሜ አበቃለት። ነገ ያ ፀጉር ቆራጭ ሱቁ ውስጥ…”

“እሱ ስለ አገሩ ሁሉ ያወራል፤ ሥራው ነው።” መኪናዋን መልሳ ማንኳኳት ጀመረች። “ሂድ፣ ጣሪያ ሳይመቱብህ።”

ድልድዩን የተሻገረው እየሮጠ ነው። በዚያ ዕድሜው የሮጠውን ሩጫ ያየ ሰው ዛሬም ድረስ የሚያወራው ሌላ ነገር የለውም። ሲደርስ የመጀመሪያው ወራጅ እንጨት ግድግዳው ላይ ወጥቶ፣ የጣሪያ ሠሪዎቹ አለቃ መዶሻውን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆሟል።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለው ጋሽ ቱንቢ እያለከለከ።

“ጌታዬ፣ ባለቤቱ ‘ባህላቸው ነው፣ አስተያየት እንዳትሰጡ’ ብለውናል” አለ ሰውየው። “እኛም አልሰጠንም። ግን እንጨቱ አልገጥም አለ። አስተያየት አይደለም፤ እንጨቱ ነው ያለው።”

“እንጨቱን አውርዱት።”

ጋሽ ቱንቢ መወጣጫው ላይ ወጣ። ገመዱን ግድግዳው አናት ላይ አሰረና ድንጋዩን ወደ ውስጥ ለቀቀው። ድንጋዩ ተወዛውዞ፣ ተወዛውዞ፣ ከግድግዳው ስንዝር ርቆ ቆመ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩት። የሰፈሩ ሰዎች አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዩት፤ አማቹ ከረባቱን ይዞ አየው።

“ልጄ፣ ነይ” አላት ምራቱን። “ይህን ድንጋይ ጠብቂልኝ።”

“ምን ላድርገው አባባ?”

“ምንም። እንዳትነኪው። ማንም እንዳይነካው፤ በተለይ እኔ።”

ከዚያም መዶሻውን አነሳና ጧት የመጨረሻ ብሎ ያሳረፈውን ብሎኬት፣ ሲሚንቶው ገና ያልጠነከረውን፣ ከሥሩ መታው።

“ኧረ ሰውዬ!” ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ። “ስምህን እኮ ነው የምታፈርሰው!”

“ስሜ በጣም ከባድ ነው” አለ ጋሽ ቱንቢ ብሎኬቱን አቅፎ ሲነሳ። “ሕፃን ላይ ቢወድቅ ይገድላል። ና ተቀበለኝ!”

ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ አመነታ። “ማን እንዳጣመመው ቢጠይቁኝ ግን ያ የድሮው ሰካራም ግንበኛ ነው የምለው” እያለ እጁን ዘረጋ። ብሎኬቶቹ አንድ በአንድ ከእጅ ወደ እጅ ወረዱ። ልጁም የሥራ ሸሚዙን አውልቆ ተሰለፈ። አንዱን ብሎኬት ጋሽ ቱንቢ ራሱ ተሸክሞ አውርዶ ወደ ግቢው ጥግ ሲያስቀምጥ፣ አማቹ ከረባቱን ላላ አደረገና፦

“አይሆንም!” አለ።

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ከሁሉም በላይ የደነገጠው ራሱ አማቹ ነበር።

“አይሆንም አማቼ፣ እዚያ አያስቀምጡት። አበባዬን ይጨፈልቁታል።”

የጋሽ ቱንቢ ፊት በደስታ በራ። “እንዲህ ይናገሩ እንጂ! ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ የት ነበሩ?” ብሎ ብሎኬቱን አነሳና ሌላ ቦታ አስቀመጠው። አማቹም ከረባቱን አውልቆ አንሶላው የተሰጣበት ገመድ ላይ ሰቀለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ሲመሽ ግድግዳው እስከ ሦስተኛው ረድፍ ወርዶ፣ አንድ አዲስ ረድፍ ብቻ ወጥቶ ነበር። ያችን አንድ ረድፍ ሲገነባ ጋሽ ቱንቢ ያየውን መከራ የትኛውም ጀግና በየትኛውም ጦርነት አላየም። ድንጋዩ ቀጥ ነው ያለው ሁሉ ለእሱ ዓይን የወደቀ ይመስላል። አንድ ብሎኬት ባሳረፈ ቁጥር አንገቱ በራሱ ጊዜ ሰበር ሊል ይዳዳዋል፤ እጁ ሊያጣምመው ይበላዋል። በመጨረሻ ጀርባውን ለማዶ ሰጥቶ፣ ድንጋዩን ብቻ እያየ ነው የጨረሰው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየውና አፉን አጣመመ።

“ያስጠላል” አለ። “ልክ ነው፤ ግን ያስጠላል።”

“ይለመዳል፣ አባባ” አለች ምራቲቱ። ድንጋዩን እንደያዘች፣ ይቅርታ፣ እንዳልያዘች፣ ከአጠገቡ ንቅንቅ ሳትል ነበር የዋለችው።

ጣሪያ ሠሪዎቹ ሌላ ቀን ሊመጡ ተቀጣጥረው ሄዱ። ልጁ የሕፃኑን አልጋ ወደ አማቹ ቤት ሊያስገባ ሲያነሳው፣ ጋሽ ቱንቢ፣ “ቆይ፣ አስቀምጠው” አለው። አልጋው ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ጧቱ ዘንበል አለ። አሁን ግን ወለሉን የሰደበ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ቱንቢ ተንበረከከ። በአንድ ጎን ያሉት ሁለት እግሮች ረዝመዋል፤ በሰፈሩ ወለል ላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ እሱ ራሱ ነው ያስረዘማቸው፣ ሳያውቀው። በጣቱ ለካ፤ በሚስማር ጭሮ ምልክት አደረገ፤ መጋዝ አመጡለት። ሁለቱን እግሮች ሲቆርጣቸው ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ጨፈነ። አልጋው አራት እግሩን ወለሉ ላይ ጣለና ዝም አለ። ልጁ በጣቱ ገፋ አደረገው፤ አልነቃነቅ አለ።

ምራቲቱ መጥረጊያ አምጥታ የእንጨቱን ብናኝ መጥረግ ጀመረች። ሁለቱን ቁራጮች ከብናኙ ጋር ስትሰበስብ ጋሽ ቱንቢ እጇን ያዛት።

“ተይ፣ እነሱን አትጣያቸው።”

“እነዚህ ምን ያደርጉልዎታል?”

ቁራጮቹን አንስቶ አቧራቸውን እፍ አለና ኮቱ ኪስ ከተታቸው።

“ሕፃኑን ይዛችሁ እኛ ቤት ስታድሩ” አለ፣ “አልጋውንም ይዛችሁ ኑ። እኔ ከእግሩ ሥር አደርጋቸዋለሁ።”